ለተራራው ከመናገራችሁ በፊት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ኑሮ ከአቅም በላይ ሲሆን በእምነት ስለ መናገር በስልክም በቴክስትም የጠየቃችሁትን ነው ዛሬ የምመልሰው። አብዛኛው ሁሌም የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ከዚህ በፊት የሰማችሁኝ ታገሱኝ፣ መድገሜ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ፓስተር፣ ማርቆስ 11 ላይ ተራራውን "ተነቅለህ ወደ ባሕር ተወርወር" የሚል ይሆንለታል ይላል። እኔ በየጠዋቱ ለችግሬ እናገራለሁ፣ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ቁጥር 23ን ይዞ ነው የሚሮጠው። እስቲ ቁጥር 22ን አንብበው፣ "በእግዚአብሔር እመኑ" ነው የሚለው። ቁጥር 24 ስለ ጸሎት ነው፣ 25 ደሞ የበደላችሁን ይቅር በሉ ነው። የተራራው ነገር የተቀመጠው በነዚህ መሃል ነው፣ እኛ ግን ገንጥለን አውጥተነው ጉልበቱ ከራሳችን አፍ የሚወጣ አስመሰልነው። ጌታ ራሱ ጌቴሴማኒ "ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ" ብሎ ሦስት ጊዜ ጸልዮ ጽዋዋ አላለፈችም፣ ታዲያ እሱ ምን አጠፋ ልንል ነው? ስለዚህ ያልተነቀለ ተራራ ሁሉ ያንተ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። ለተራራው ከመናገርህ በፊት ለእግዚአብሔር ተናገር፣ የተቆጣኸውንም የፈራኸውንም ሳታስቀር።

ጥያቄ፦ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ አይሠራም?

መልስ፦ ይሠራል እንጂ። 1ኛ ሳሙኤል 1 ላይ ሐና ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፣ ድምጿ አይሰማም ነበር፣ እግዚአብሔር ግን ሰማት።

ጥያቄ፦ "ከበደኝ፣ ደከመኝ" ማለት አለማመን ነው ተብለናል። እሁድ እሁድ እንዴት ነሽ ሲሉኝ "ድል ላይ ነኝ" እላለሁ፣ ቤቴ ስገባ ሳለቅስ አመሻለሁ። ሱነማዊቷስ ልጇ ሞቶ "ደኅና ነው" አላለችም ወይ?

መልስ፦ ብላለች እህቴ። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው፣ ምክንያቱም ይሄ ጥቅስ ግማሹ ብቻ እየተሰበከ ብዙ ሰው ታሟል። 2ኛ ነገሥት 4 ላይ ልጁ እስከ ቀትር ጉልበቷ ላይ ቆይቶ ነው የሞተባት። ለባሏ "ደኅና ነው" አለች፣ መንገድ ላይ ለተቀበላት ለነቢዩ ለኤልሳዕ ሎሌ ለግያዝም እንደዛው አለች። ኤልሳዕ ጋ ስትደርስ ግን እግሩን ጨምድዳ ያዘች። ግያዝ ሊያስለቅቃት ሲመጣ ኤልሳዕ ተዋት፣ ነፍሷ አዝናለች አለው። ከዛ አፏን ከፍታ "ከጌታዬ ልጅን ለመንሁን?" አለችው፣ ለነቢዩ! ይሄ ወቀሳ ነው፣ ምሬት ነው፣ ማንም ግን አለማመን ብሎ አልገሠጻትም፣ ኤልሳዕም ተነሥቶ ተከተላት። ስለዚህ ለሁሉም ሰው ሆድሽን ክፈቺ አልልሽም፣ ግን እግሩን ይዘሽ የምታለቅሺበት አንድ ሰው የግድ ይኑርሽ። አብርሃምንም ብታይው ሮሜ 4 ላይ የመቶ ዓመት ሽማግሌ መሆኑን፣ ሥጋው እንደ ምውት መሆኑን እያየ ነው ያመነው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አይደለም። እምነት መካድ አይደለም። ይሄን ሺህ ጊዜ ብደግመው አይሰለቸኝም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። አንድ ቦታ "ተፈውሻለሁ ብለህ እያወጅክ መድኃኒት መውሰድ የራስህን ቃል ማፍረስ ነው" ተብሎ ካለፈው እሁድ ጀምሮ አቁሟል። ትላንትና ሲያስመልሰው ነበር። እንዴት ላበረታታው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታበረታቺው። አሁኑኑ ስልኩን ዝጊና ሆስፒታል ውሰጂው፣ ይሄን እየሰማሽ ጫማሽን አድርጊ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በድንገት ሲያቆም በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ከዛ ባነሰ ጊዜ ደሙ ሊመረዝ ይችላል። ውሃ ጥም፣ ሽንት ማብዛት፣ ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ቁና ቁና መተንፈስ፣ መፍዘዝ ካያችሁ አይነጋም አይመሽም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ይሄ ጥያቄ የማይመጣበት ጊዜ የለም፣ በሽታው ብቻ ነው የሚቀያየረው። የግፊት መድኃኒት ያቆመ አለ፣ ግፊት እኮ ሳያምህ ነው አንጎልህ ውስጥ ደም የሚያፈሰው፣ ደህና ነኝ ማለትህ ምንም አያሳይም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንዴ የጣለ አለ፣ እሱን በአንዴ ማቆም የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ፣ ሊገድልም ይችላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ያቋረጠ አለ፣ ቫይረሱ ተመልሶ ይባዛል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። የቲቢ መድኃኒት ደሞ በአብዛኛው ስድስት ወር ነው፣ ሳሉ ስለጠፋ ብቻ በሁለተኛው ወር የሚያቆም ለራሱም ለቤተሰቡም አደጋ ነው።

በእግዚአብሔር ፈውስ አምናለሁ፣ ለዛም እጸልያለሁ። ግን መጽሐፉን እናንብበው። ሉቃስ 17 ላይ ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ ነው ያላቸው፣ በዘሌዋውያን ሕግ ለምጽ መንጻቱን አይቶ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበራ! የፈወሰው ጌታ ራሱ ሄዳችሁ ተመርመሩ ካለ እኛ ማነን? ታሞ ለነበረው ለንጉሥ ሕዝቅያስ 15 ዓመት ተጨምሮልሃል የሚል ቃል ከእግዚአብሔር ከመጣለት በኋላ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉ ብሏል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድህ ጥቂት ወይን ጠጣ ብሎታል፣ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ትቶታል፣ አብሮት ይጓዝ የነበረው ሉቃስ ደሞ ሐኪም ነው። እነዚህ ሰዎች እምነት አንሷቸው ነው? ተፈወስኩ የምትል ሂድና ተመርመር፣ መድኃኒቱን የሚያስቆምህ ያዘዘልህ ሐኪም ይሁን። ስብከት ሰምተህ አይደለም፣ ህልም አይተህም አይደለም። መድኃኒትህን እየዋጥክ "ጌታ ሆይ ፈዋሼ ነህ" ማለት ትችላለህ፣ ሁለቱ አይጣሉም። አቁም ብሎ የመከረህ ሰው ሌሊት ስትወድቅ አጠገብህ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ልጄ ታማ ሞተች። "በቃልሽ አጥብቀሽ ብታውጂ አትሞትም ነበር" አሉኝ። እውነት ነው ወይ አባቴ?

መልስ፦ አይደለም እናቴ። እውነት አይደለም። የኢዮብ ጓደኞችም ጥፋቱን በሱ ላይ ነው የፈለጉት፣ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው በነሱ ነው፣ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ። ኢዮብ እኮ የተወለደባትን ቀን የረገመ ሰው ነው። እንዲህ ያሉዎትን ሰዎች ለጊዜው ራቅ ይበሉ፣ ያልቅሱ፣ ስሟንም እየጠሩ ለእግዚአብሔር ይንገሩት። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለዎት ደሞ ሐኪም ወይም የሐዘን አማካሪ ይዩ፣ ብቻዎን አይሁኑ።

ጥያቄ፦ ሥራ አጥቼ ዕዳ ውስጥ ነኝ፣ ባንኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኮብኛል። ምን ብዬ ልናገር?

መልስ፦ ሕዝቅያስ የአሦር ንጉሥ የዛቻ ደብዳቤ ሲደርሰው አንብቦ ወደ ቤተ መቅደስ ወጣና በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (2ኛ ነገሥት 19)። አንተም እንደዛው አድርግ። ፖስታውን ሳትከፍት መሳቢያ ውስጥ አትክተተው፣ ክፈተው፣ አልጋው ላይ ዘርጋው፣ የዕዳውን ልክና ቀነ ገደቡን ጣትህን እያስኬድክ አንብበው፣ "ጌታ ሆይ ይሄ ነው ያለብኝ፣ ፈርቻለሁ" በል። ከዛ ለራስህ ተናገር፣ ዳዊት ጺቅላግ ሲቃጠል፣ ሰዎቹ ሊወግሩት ሲነጋገሩ፣ በአምላኩ ልቡን አበረታ ይላል። መዝሙር 42 ላይም ዘማሪው "ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?" ብሎ ለራሱ ነው የሚናገረው፣ ግን ማዘኗን ሳይክድ ነው። "ዕዳ የለብኝም" አትበል፣ አለብህ። "ዕዳ አለብኝ፣ እግዚአብሔርም አለኝ" በል። ሲነጋ ባንክ ሂድና ክፍያው እንዲራዘምልህ ጠይቅ፣ ለሚስትህም ካልነገርካት ዛሬ ንገራት።

ጥያቄ፦ አንድ አገልጋይ ብር ከላክሽ ስምሽን ጠርቼ አውጅልሻለሁ አለኝ። ልላክ?

መልስ፦ አትላኪ። ኤልሳዕ ከለምጹ የዳነውን የንዕማንን ስጦታ አልቀበልም ብሏል፣ ሮጦ የተቀበለው ግያዝ ነው፣ ያገኘውም ለምጽ ነው።

ጥያቄ፦ (በቴክስት የመጣ) ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው ይላል። እኔ ግን "በቃኝ፣ ብሞት ይሻለኛል" እያልኩ ነው። አሁን በአፌ ራሴን ረግሜ ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ አልረገምክም። ኤልያስም ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" ብሏል። እግዚአብሔር የላከለት ግን ተግሣጽ አልነበረም፣ እንጎቻና ውሃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፣ መልአኩ መጥቶ ደግሞ ቀሰቀሰውና መንገዱ ይከብድሃልና ብላ አለው። የፈራኸው የምላስህን ነገር ነው፣ እኔ ያሳሰበኝ ግን የልብህ ነው፣ ይሄን ያህል ከደከመ እርዳታ ያስፈልገዋል። ዲፕሬሽን በሽታ ነው፣ ይታከማል፣ ኃጢአት አይደለም። ስለዚህ አውጅ አልልህም፣ ዛሬ የምትናገረው ለሰው ነው። አጠገብህ ላለ ለአንድ ሰው "መሞት እያሰብኩ ነው፣ ብቻዬን አትተወኝ" በለው፣ ልክ በዚህ ቃል። እንዴት እንደምታደርገው ያሰብክበት ነገር እቤት ካለ ያ ሰው ይውሰድልህ። ከዛ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ፣ እስከ ነገ አታቆየው። በቴክስቱ ቁጥር ከስቱዲዮ እንደውልልሃለን፣ ስልኩን አንሳው።