አመድ ክንፍ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ስለ ተምች ላወራችሁ ነው።

ልጅ ሆኜ አክስቴ ቤት ማታ ፋኖስ ሲበራ የእሳት እራት ይሰበሰብ ነበር። ጠዋት የወደቁትን የምጠርገው እኔ ነኝ። ጣቴ ላይ አመድ የመሰለ ብናኝ ይቀራል። ተምች ግን ለእኔ ሌላ ነገር ነበር። አዝመራ የሚጨርስ ትል ነው፤ ስሙ ሲነሳ የትልልቆቹ ፊት ይለዋወጣል። ከእነዚያ የእሳት እራቶች መሃል የተምች እናት ልትኖር እንደምትችል የነገረኝ ሰው የለም።

የተምች ወገን ስፖዶፕቴራ ይባላል። በ1852 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣለት አሺል ጌኔ የተባለ ፈረንሳዊ ጠበቃ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ አመድ ክንፍ እንደማለት። ይህን ሳነብ ሳላስበው ጣቴን አየሁት።

በወገኑ ውስጥ 30 ያህል ዝርያዎች አሉ። እኛ ከጥንት የምናውቀው ተምች ራሱ ይገርማል። ትሉ ጥቂት ሆኖ ሲኖር አረንጓዴ ነው። ሲበዛና ሲተፋፈግ ይጠቁራል፤ በአንድነት እየተመመ ማሳውን ያጸዳዋል። የድሮ ሰዎች «ከዝናብ ጋር ወረደ» ይሉ ነበር። እኔ ይህን አባባል አልንቀውም። የእሳት እራቷ በነፋስ ሩቅ ትጓዛለች፤ ዝናብ ያዘለው ነፋስ አንድ ቦታ ይሰበስባቸዋል፤ እዚያው እንቁላል ይጥላሉ። ሰዎቹ ያዩትን ነው የተናገሩት።

ሌላው የአሜሪካ ተምች ነው። አፍሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ታየ፤ እኛ ዘንድ በ2009 ዓ.ም. ገባ። መራዊ አካባቢ የሚያርሱት አጎቴ በመጀመሪያው ክረምት ስልክ ደወሉልኝ። «ተምች ነው፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ይደበቃል» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ይህኛው በቆሎው ገና ያልገለጠው መሃል ቅጠል ውስጥ ይገባል። ከውጭ የሚታየው የተቦደሰ ቅጠልና የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ኩሱ ነው።

ሄጄ አብረን አየነው። ቅጠሉን በሁለት አውራ ጣታቸው ፈልቅቀው ትሉን መዳፋቸው ላይ አወጡት። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለ። ወደ ጭራው ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተቀምጠዋል። የእሳት እራቱን መለየት ይከብዳል። ወንዱ የፊት ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ጠብታ አለው፤ ሴቷ ግን ደብዛዛ ግራጫ ናት። የኋላ ክንፋቸው ነጣ ያለ ነው። እንቁላሏን ከገዛ ሆዷ በነቀለችው ጸጉር ትሸፍነዋለች። ለአዝመራ ጠላት መሆኗን እያወቅኩም ይህን ሳስብ ልቤ ይራራል።

አጎቴ መነጽር አያደርጉም። ትሉን ወደ እኔ አስጠግተው «ቁጠርልኝ ልጄ» አሉኝ። «አራት ናቸው ጋሼ» አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ወደሚቀጥለው በቆሎ አለፉ።