«ወገቤን ያዘኝ»፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የጤፍ አረም ሲደርስ የዚህ ፕሮግራም ስልክ ዕረፍት የለውም። ጎጃም ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ውሎ ማታ ወገቡን ይዞ የማይገባ ማን አለ? (ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የማክም ባለሙያ ነኝ ብዬ ባስረዳም «ዶክተር» ማለታችሁ አልቀረም፤ ትቼዋለሁ።)

ከቢቸና አካባቢ አንድ አባት፦ «አረም ላይ ውዬ ቀና ስል ወገቤ ቀጭ አለ። አራት ቀኔ ነው። ልጆቼ ከአልጋ አናስወርድም ብለውኛል። ስንት ቀን ልተኛ?»

አባቴ፣ ልጆችዎ ስለሚሳሱልዎት ነው፤ ግን ዛሬውኑ ይነሡ። ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ጋደም ማለት አይከፋም። ከዚያ ካለፈ ጡንቻው ይሰንፋል፣ ወገቡም ይብሱን ይተሳሰራል። እንዲህ ድንገት የሚይዝ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ሳምንት ውስጥ በጣም ይሻለዋል። ሲነሡ ታዲያ ቀጥ ብለው ብድግ አይበሉ። መጀመሪያ በጎንዎ ይዙሩ፣ እግርዎን ከአልጋው ያውርዱ፣ ከዚያ በክንድዎ ገፋ አድርገው ይቀመጡ። ዛሬ እስከ ደጅ፣ ነገ እስከ ጎረቤት ይሂዱ። ትንሽ ቢያምዎት አይደንግጡ፤ አመመኝ ማለት ተሰበርኩ ማለት አይደለም። ወደ አረሙ ሲመለሱ ሩብ ሰዓት ያህል ሠርተው ቀና ይበሉ፣ እጅዎን ወገብዎ ላይ አድርገው ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉ፣ ከዚያ ይቀጥሉ። «ዛሬ ካልጨረስኩ» የሚለውን ለዘንድሮ ይተዉት።

ከሞጣ አንዲት እናት፦ «ኩላሊቴን ያመኛል። ውኃ ስሸከም፣ ስጎነበስ ይብስብኛል። ሽንቴ ግን ደህና ነው።»

እኛ አገር ወገብ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ኩላሊት ነው! እናቴ፣ ኩላሊት ያለው ከፍ ብሎ፣ ከጎድን አጥንት ሥር በጎን በኩል ነው። ሲታመም ጎንበስ ቀና ማለት ብዙም አይለውጠውም። ብዙ ጊዜ ትኩሳት፣ የሚያቃጥል ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት አብሮት ይመጣል። የእርስዎ ግን ሲሸከሙ የሚብስ ነው፤ እኔ የምጠረጥረው ጡንቻና መገጣጠሚያ ነው። ልብዎ ካላረፈ የሽንት ምርመራ ቀላል ነው፣ ይመርመሩ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስንቱ ሰው «ለኩላሊቴ» እያለ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ገዝቶ በየቀኑ ይውጣል። ሲበዛ ኩላሊትን የሚጎዳው እኮ እሱ ራሱ ነው፤ ጨጓራም ያቆስላል። ባለ 20 ሊትሯን ቢጫ ጄሪካን ደግሞ ለጊዜው በባለ 10 ይለውጧት።

ከቡሬ የባጃጅ ሹፌር፦ «28 ዓመቴ ነው። ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ተነሥቼ ዲስክህ ተንሸራቷል አሉኝ። ሥራዬን ልተው?»

አይ፣ አትተው። «ተንሸራተተ» የሚለው ቃል ራሱ ሰው ያስፈራል። ዲስክ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ እንጂ ሳሙና አይደለም፤ ከአጥንቶቹ ጋር ተጣብቆ ነው ያለው። ያበጠ ዲስክ ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎችም ይታያል፦ በ20 ዓመት ዕድሜ 30 በመቶ ያህሉ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ያህሉ ላይ። ወጥቶ ነርቭ የነካውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ ራሱ ይሟሽሻል። ተራ ስትጠብቅ ወርደህ ተራመድ፣ ወንበሩ ላይ አትቆይ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ታዲያ ሐኪም ቤት የሚያስኬደው የቱ ነው?»

ሽንት አልወርድ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በጭንና በጭን መካከል ከደነዘዘ፣ እግር ከከዳ፣ ሳያድሩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብሮት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ በመድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣና ከብት የሚያዋልድ ሰው ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ይንገር፤ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም ወገብ ያማል።

ከደጀን፦ «ወጌሻ ቢያሸኝስ?»

ቀስ ብሎ መታሸት ደስ ካለዎት ይታሹ። ጀርባዎ ላይ ወጥተው እንዲቆሙ ግን አይፍቀዱ። በተለይ በዕድሜ የሳሳ አጥንት እንዲህ ሲረገጥ ይሰበራል።