ደብል ጋቢና ከኋላ ነው የሚታየው

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ መኪና ነው። ያገለገለ ደብል ጋቢና፣ ሁለት ረድፍ ወንበር ያለው ፒክአፕ፣ ስለመግዛት። ገዝቼ ጨርሻለሁ፣ ስምም ዞሯል፤ ግን ፍለጋው ላይ ያየሁትና የሰማሁት ነገር ገና ትኩስ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ልንገራችሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ለምን ደብል ጋቢና? የምንኖረው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። እማዬ ከእኛ ጋር ናት፣ የሐኪም ቀጠሮ አላት፣ ጉልበቷን ያማታል። ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በሌላ በኩል ከወንድሜ ጋር የእንጨት ሥራ አለን፤ ቁምሳጥን፣ አልጋ፣ የወጥ ቤት ካቢኔት እንሠራለን፣ ዕቃው ደግሞ ደንበኛው ቤት መድረስ አለበት። አንድ የቤት መኪና፣ አንድ የጭነት መኪና መግዛት ለኛ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም የሚሆን አንድ መኪና ያስፈልጋል።

እንዲህ ዓይነቱን ቅልቅል ሌላው ዓለም በብዙ መንገድ ሞክሮታል። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ ከ2001 ጀምሮ እስከ 2013 ሼቭሮሌ አቫላንሽ የሚባል ሠርተዋል፤ በጋቢናውና በጭነቱ ቦታ መካከል ያለው ግድግዳ ታጥፎ ይተኛል፣ ረጅም ዕቃ እስከ ፊት ወንበር ድረስ ይገባል። ለኔ ሥራ እንዴት ያለ ነገር ነው! ሆንዳ ሪጅላይን ደግሞ ጭራሽ የተለየ ሻንሲ፣ ማለትም ከሥር ሁሉን የሚሸከም የብረት መሠረት፣ የለውም፣ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ቦዲ ነው፣ ከጭነቱ ወለል ሥር የሚቆለፍ ሻንጣ ማስቀመጫ አለው። በጣም ወድጃቸዋለሁ። ግን እዚህ ከተማ መኪና ስትገዙ ሶማሌ ተራንም አብራችሁ ነው የምትገዙት። መለዋወጫው መርካቶ ከሌለ መኪናው የለም ማለት ነው። ስለዚህ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲ-ማክስ፣ ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ እነዚህ ናቸው የኛ ምርጫዎች።

ዋጋውን ታውቁታላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን አስወደደው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ ተባለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። አሁን አገር ውስጥ ያለው መኪና ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ያ ማለት ደግሞ የምታዩት ደብል ጋቢና ሁሉ ከናንተ በፊት ብዙ የኖረ ነው። ኮንስትራክሽን ላይ የዋለ አለ፣ እርሻ ላይ የከረመ አለ፣ የእርዳታ ድርጅት ይዞት ገጠር ለገጠር የዞረ አለ፣ አንድ ቤተሰብ በእንክብካቤ የያዘው አለ። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ዋና ነገር ይሄ ነው፦ መኪናው የትኛውን ኑሮ እንደኖረ ጋቢናው አይነግራችሁም። ኋላው ነው የሚነግራችሁ።

ሰው ግን የሚገዛው ጋቢናውን ነው። አዲስ የቆዳ ወንበር ልባስ፣ ትልቅ ስክሪን፣ ሽቶ ሽቶ የሚል ዳሽቦርድ። በር ከፍተን እንገባለን፣ መሪውን እንይዛለን፣ አለቀ፣ ልባችን ገዝቷል።

እኔን ከዚህ ያዳነኝ ጋሼ የምለው መካኒክ ነው። ሥራውን በጣሊያንኛ ስም የተማረ፣ ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሥር የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ለገሃር አካባቢ ቆሞ የነበረ ነጭ ቪጎ አብረን ልናይ ሄድን። ቪጎ የምንለው በፈረንጆቹ ከ2004 እስከ 2015 የተሠራውን ሃይሉክስ ነው። ደላላው ከሩቅ ሲያየን ጀመረ፤ «የኔ ወንድም፣ ይሄ የድርጅት ነው፣ ጭነት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ኃላፊ ብቻ ነው የተቀመጠበት።» በሩን ከፍቶ ግባ አለኝ። ጋሼ በሩን ዞር ብሎም አላየውም። ወደ ኋላ ሄደ።

መጀመሪያ የቆመው ጋቢናውና የጭነቱ ቦታ የሚገናኙበት ጋ ነው። እዚያ መሐል አንድ ክፍተት አለ፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ። «ይሄን እየው ልጄ» አለኝ። ክፍተቱ ከታች ጣት የሚያስገባ ነው፣ ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ ሁለት ጣት ያስገባል። ለምን መሰላችሁ? ጋቢናውም የጭነቱ ቦታም አንድ ሻንሲ ላይ ነው የሚቀመጡት። ከአቅም በላይ ጭኖ ሲኖር ሻንሲው ከጋቢናው ጀርባ ላይ ይጎብጣል፣ ኋላው ወደ ታች ይወርዳል፣ ያኔ ላይኛው ክፍተት ይከፈታል። ቀለም ቢቀቡት፣ ቢያሳጥቡት፣ ይሄ ክፍተት አይዋሽም።

ከዚያ ካርቶን አንጥፎ ሥር ገባ። እኔም ከጎኑ ተኛሁ፣ የስልኬን መብራት ያዝኩለት። ሻንሲው ሙሉ በሙሉ አቧራና የደረቀ ጭቃ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ልክ ከጋቢናው ጀርባ፣ ክንድ የሚያህል ርዝመት ላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ጋሼ በጥፍሩ ፋቀው። ከሥሩ የብየዳ ጠባሳ ወጣ። ምንም አልተናገረም፣ መብራቱን ወደ ባሌስትራው አዙር አለኝ። ባሌስትራ ኋላውን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል ነው። አንዷ ቅጠል ከሌሎቹ ትለያለች፤ ዝገቷ ሌላ፣ ውፍረቷ ሌላ። የተጨመረች ናት። ጭነት የማያውቅ መኪና ላይ ባሌስትራ የሚጨምር ማን ነው? ተነስተን አቧራችንን አራገፍን፣ አመሰግናለሁ ብለን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ የማየው እንዲህ ነው። ስፖንዳውን፣ የኋላውን መዝጊያ፣ አውርዱ። የጭነቱ ወለል ላይ የፕላስቲክ ሽፋን ካለ አስነሱት፣ ባለቤቱ ቅር ቢለውም አስነሱት። ጭረት አያስፈራችሁ። የጭነት ቦታ ጭረት ያለበት መሆኑ ተፈጥሮው ነው፣ እንዲያውም እኔ ጭረት ሳይ ደስ ይለኛል፣ አልተደበቀም ማለት ነው። የሚያስፈራው የታጠፈ ወለል፣ የተበየደ ማዕዘን፣ ያለ ቦታው የተገኘ አዲስ ቀለም ነው። ጎኑ ላይ ስቱኮ፣ የላሜራ ጉድጓድ የሚሞላበት ልጥፍ፣ መኖሩን ለማወቅ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉት፤ ላሜራው ላይ ጥብቅ ይላል፣ ስቱኮ የበዛበት ላይ ይወድቃል።

አሁን ስለ ጭነት አንድ ነገር ልበል፣ ይሄን ማንም ቁጭ ብሎ አያሰላውም። ሃይሉክስ የሚሸከመው በግርድፉ አንድ ቶን ነው፣ አሥር ኩንታል በሉት። ያ አሥር ኩንታል ግን የኋላው ብቻ አይደለም፣ ጋቢና ውስጥ ያለውንም ሰው ይጨምራል። አምስት ሰው፣ እያንዳንዱን ሰባ ኪሎ ብትሉት፣ ሦስት ኩንታል ተኩል ከዚያው ላይ ተነሳ። የቀራችሁ ስድስት ተኩል ነው። ቤተሰብ ሞልታችሁ አሥር ኩንታል ጤፍ ከጫናችሁ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሆኗል፣ መንገዱ ላይ ግን ምንም አይሰማችሁም፣ ቱርቦው ይጎትተዋል። ሻንሲው ነው የሚቆጥረው።

ባዶውን ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ባሌስትራው አሥር ኩንታል እንዲሸከም ነው የተሠራው፤ ምንም ካልጫናችሁበት አይታጠፍም፣ ኋላ የተቀመጠውን ሰው ያነጥራል። ፎርቹነር ከዚሁ ከሃይሉክስ መሠረት ላይ የተሠራ ነው፣ ግን ኋላው ባሌስትራ ሳይሆን ጥቅልል ሞላ ነው፣ ስለዚህ ይለሰልሳል። ደብል ጋቢና የቤት መኪና ምቾት አለው የሚላችሁ ሰው ፊት ነው የተቀመጠው። እኔ ለሙከራ ሳወጣ እማዬን ኋላ አስቀምጬ ነው የነዳሁት፣ ምክንያቱም የምትቀመጠው እዚያ ነው። የኋላው መደገፊያ ቀጥ ያለ ነው፣ ወገቧን እንዴት እንደሆነች ጠየቅኳት። መውጫው ከፍ ይላል፣ እግሯን ማንሳት ከበዳት፤ ጎኑ ላይ መርገጫ የሌለው ሁሉ ከዝርዝሬ ወጣ። እናንተም ሚስት፣ ባል፣ እናት፣ ልጅ፣ ማን ኋላ እንደሚቀመጥ አስቡና እሱን ይዛችሁ ሂዱ። ብቻችሁን ሄዳችሁ አትግዙ።

ሙከራውን በሜዳ መንገድ ብቻ አታድርጉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ ለምሳሌ የድሮው 5ኤል የሚባለው የናፍጣ ሞተር፣ እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ጠንካራ ሞተር ነው፣ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፣ ግን ተጭኖ ዳገት ላይ ታግሳችሁ መንዳት ነው። ባለቱርቦው 2.5 ወይም 3.0 ሊትር የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ዲ ፎር ዲ የሚባለው፣ ይሻላል። እኛ ዕቃ ጭነን ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ነው የወጣነው። ያን ዳገት በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ ፍሪሲዮኑ ከላመ ይታወቃል፣ ሙቀቱ ከጨመረ ይታያል፣ ጭስ ካለ ኋላችሁ ያለው ሹፌር በጡሩንባ ይነግራችኋል።

ሞተሩን ስታዩ ቀዝቅዞ እያለ መድረስ ነው። ባለቤቱ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፣ ጠዋት ማስነሳት ላይ ነው ጉዱ። ዲ ፎር ዲዎቹ ላይ የታወቀ ነገር አለ፤ ናፍጣውን የሚረጨው ኢንጀክተር ሥር ያለው የመዳብ ሮንዴላ፣ ቀለበቱ፣ ሲለቅ ጥቀርሻ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱ የሚሳብበትን ወንፊት ይደፍናል፣ ከዚያ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ይበላሻል። ከሮንዴላ ዋጋ ወደ ሞተር ዋጋ። መቼ እንደተቀየረ ጠይቁ። የታይሚንግ ቺንጋውም በ150,000 ኪሎ ሜትር የሚቀየር ነው፣ ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋ ቀንሱበት። ቆጣሪው ትንሽ ኪሎ ቢያሳይ አትመኑ፣ የፔዳሉ ጎማና የመሪው ቆዳ ምን ያህል እንደተበላ እዩ።

ፎር ዊል፣ አራቱንም ጎማ የሚያዞረው? እኔ አልፈለግኩም። ብዙዎቹ ሃይሉክሶች ላይ ፎር ዊሉን ደረቅ አስፋልት ላይ ማስገባት ራሱ ልክ አይደለም፣ የፊትና የኋላው እኩል እንዲዞር ስለሚቆልፈው ሲታጠፍ ዕቃውን ያጨናንቃል። ከከተማ የማትወጡ ከሆነ ገንዘባችሁን ሌላ ነገር ላይ አውሉት። ይልቅ ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው መኪና የት እንደምታቆሙ አስቡ። የኮሪደር ልማቱ ካለፈበት ወዲህ መሐል ከተማ መንገድ ዳር እንደ ድሮው ጣል አድርጎ መሄድ ቀርቷል።

ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር። ፒክአፕ ለኢንቨስትመንት ወይም ለድርጅት ተብሎ ከቀረጥ ነፃ የገባ ብዙ አለ። እንደዚያ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፣ ያ ቀረጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። «በውክልና ይዘህ ንዳው፣ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፉን መልሱለት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ፤ የሃይሉክስ የሻንሲ ቁጥር ቀኝ የፊት ጎማው አካባቢ ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት አጣሩ፣ ከዚያ ነው ወደ ውልና ማስረጃ መሄድ። ኮድ 3 ከሆነ የሻጩ የግብር ክሊራንስም አለ።

የገዛሁት 2.5 ቪጎ ነው። ቀለሙ ደብዝዟል፣ የጭነቱ ወለል ጭረት በጭረት ነው፣ ስፖንዳው አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሏል። ክፍተቱ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፣ ባሌስትራው የፋብሪካው ነው፣ ሻንሲው ላይ ከጭቃ በቀር ምንም የለም። ጋሼ ከሥሩ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ክፈል» አለኝ፣ ከፈልኩ። ቺንጋውንና ሮንዴላዎቹን ሥራ ሳይጀምር አስቀይሬያለሁ፣ ለዚያ የሚሆነውን ከዋጋው ላይ አስቀንሼ ነበር።

አሁን ያልወሰንኩት ካኖፒውን፣ የጭነቱን ቦታ ክዳን፣ ነው። ክረምት እየመጣ ነው፣ የምንጭነው ደግሞ እንጨት ነው፣ ዝናብ አይወድም። ካኖፒ ባሠራ ዕቃው አይረጥብም፣ ግን ቁምሳጥን ቆሞ አይገባም። ሸራ ከሆነ ሁሉም ይገባል፣ ግን ፌስታል እንደለበሰ ዕቃ ደንበኛ ጋ መድረስ አልፈልግም፣ በዚያ ላይ ማሰርና መፍታቱ አለ። በላሜራ ከፍ አድርጎ የሚሠራ፣ ሲፈለግ የሚወርድ ያሠራ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ክብደቱንም ንገሩኝ፣ ከአሥሩ ኩንታል ላይ ነው የሚቀነሰው። በሉ ሰላም ሁኑ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።