የጉድባው ደለል ስለ ጉድባው ዕድሜ ለምን አይነግረንም?

ሰላም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ! ዛሬ እንግሊዝ አገር ነን። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

በሰፎክ፣ በኤሴክስ፣ በዎሪክሸር ገጠር መስኩ ላይ አራት ማዕዘን ጉድባ ታያላችሁ፤ ግማሹ ውሃ ይዟል፣ ግማሹ ደርቋል። መሐሉ ላይ ከብት ይግጥበታል። ያ መሐሉ የባላባት ግቢ ነበር፤ አዳራሹ፣ ማድ ቤቱ፣ ጸሎት ቤቱ ሁሉ እዚያ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቦታ በአገሪቱ ከ5,000 በላይ አለ። አብዛኛው ከ1250 እስከ 1350 ባለው ጊዜ እንደተቆፈረ ይታመናል። የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው፤ የአንዱን ጉድባ ዕድሜ በምን እናውቃለን?

«ታች ውረድና ገል ልቀም» የምትሉ አላችሁ። አይሆንም! ለምን አይሆንም?

የጠላ ጋን አስቡ። ጠላ ከመጠመቁ በፊት ጋኑ ምን ይደረጋል? በግራዋ ይታጠባል። አንዴ አይደለም፤ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ እንደገና ይታሻል። ከዚያ በወይራ ይታጠናል። ጠላው ተጠምቆ ይጠጣል፣ አተላው ታች ይቀራል። አሁን አንድ ሰው መጥቶ አተላውን ቢመረምር ምን ያውቃል? የመጨረሻው ጠላ መቼ እንደተጠመቀ። በቃ። ጋኑ ከአያት የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ስንት ሠርግና ስንት ተዝካር ያየ ሊሆን ይችላል፤ አተላው ግን የዘንድሮ ፋሲካ ነው። ከአተላ የጋን ዕድሜ አይገኝም!

ጉድባውም እንደዚያው ነው። ደለል ሲሞላው ይጠረጋል፣ ሲሞላው ይጠረጋል። የ1280 ገል ከደለሉ ጋር ተዝቆ ወጥቷል። ታች የምታገኙት ጫማና ሳህን የመጨረሻው ጠረጋ ካበቃ በኋላ የወደቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ግቢው ሊፈርስ ሲቃረብ የተጣለ።

ታዲያ የት እንፈልግ? ከጉድባው በወጣው አፈር ሥር። ያ አፈር መሐሉ ላይ ተደልድሎ ግቢውን ከፍ አድርጎታል። ከሥሩ የድሮው መሬት እንዳለ ተቀብሯል፤ ጠቆር ያለች ስስ መስመር ሆና ትታያለች። እዚያ መስመር ውስጥ የ1240 ሳንቲም ቢገኝ፣ ጉድባው ከዚያ በፊት አልተቆፈረም ማለት ነው። በኦክስፎርድሸር፣ ቻልግሮቭ፣ ከ1976 እስከ 1979 በተካሄደው ቁፋሮ ከጉድባው የሚቀድም ቤት ተገኝቷል። እኔ ብጠየቅ የቁፋሮ ገንዘብ ካነሰ መጀመሪያ ሊተርፍ የሚገባው የዚህ መስመር ቁፋሮ ነው።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፤ መሠረቱን ባለፉት ቪዲዮዎች ስላየን፣ ያላያችሁ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ተመለሱ። ቦታው በ1979ኙ የቅርስ ሕግ የተመዘገበ ከሆነ መጀመሪያ ፈቃድ። ቀጥሎ የላይዳር ምስል፣ ማለትም ከአየር ላይ በሌዘር የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ምስል፤ ቀጥሎ የመሬት ኤሌክትሪክ ልኬት፣ ማለትም መሬቱ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ መለካት፣ የሚተከሉት ዘንጎች በ50 ሳንቲሜትር ተራርቀው። ከዚያ ጉድባውን አቋርጦ በእጅ መሰርሰሪያ ናሙና። ከዚያ ቁፋሮ፤ ጥርስ በሌለው የኤክስካቫተር ባልዲ፣ ከውጭው ዳር ተነስቶ ግቢው መሐል ድረስ። ቁፋሮው አጭር ከሆነ ያቺ የድሮው መሬት መስመር ሳትታይ ትቀራለች። ጎኑ በደረጃ ይቆረጣል፤ የረጠበ ደለል ይናዳል፣ ሰው ይቀብራል። ፓምፑ ጥግ ላይ ለብቻው በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጥ፣ አፉም በወንፊት ይሸፈን፤ አለዚያ ደለሉ ውስጥ የቀረውን የድሮ ዘርና የነፍሳት ክንፍ ሁሉ ይመጠዋል።

ጉድባውን ያሻግር የነበረው ድልድይ እንጨት ከደለሉ ሲወጣ ፀሐይ አይንካው። ወዲያው በውሃ ይረጭ፣ በፕላስቲክ ይጠቅለል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። የባሉጥ እንጨት ከሆነና 50 ያህል ዓመታዊ ቀለበት ካለው ዘመኑ ሊታወቅ ይችላል። ቅርፊቱ ካለ የተቆረጠበት ዓመት ራሱ ይገኛል። ቅርፊቱ ሄዶ ውጫዊው ነጭ እንጨት የሚጀምርበት ብቻ ከቀረ፣ ከዚያ ላይ ከ9 እስከ 41 ዓመት ይጨመራል። ግን ልብ በሉ፣ ይህ የድልድዩ ዕድሜ ነው። ድልድይ ይታደሳል።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትጽፉልኝ ነገር፤ «ጉድባው ለጦርነት ነው»። ወገኖቼ፣ ጥልቀቱን እዩ! አብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ሜትር ነው። በሦስት ጎን ብቻ የተቆፈረም አለ፤ ጠላት በአራተኛው አይመጣም? አንዳንዱ ቁልቁል የሚያሳይ ጉብታ አጠገብ ነው የተሠራው። «ተነሺ ድልድይ፣ ወደ ላይ ተስቦ መንገዱን የሚዘጋ ድልድይ፣ ያለውስ?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ በኮርንዎል ፔንሃላም ነበረው። ተነሺ ድልድይ ሌባና ተኩላ... ይቅርታ፣ ተኩላውን ተዉት፤ ሌባን ያስቀራል፣ የጎረቤትን ከብት ያስቀራል፣ ሠራዊት ግን አያስቀርም። ጉድባው ውሃ የሚያቁር ጭቃማ መሬት ያጠነፍፋል፣ ዓሣ ያረባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «እዚህ ጌታ አለ» ይላል። በኤሴክስ ራይትል ንጉሥ ጆን በ1211 ያሠራው በጉድባ የተከበበ ግቢ የአደን ማረፊያ ነበር፤ የአደን!

ቁፋሮው ሲያልቅ ጉድባው በሙሉ አይወጣም። ጉድባውን አቋርጦ አንድ ሁለት ቦታ መቁረጥ ይበቃል፤ ከእያንዳንዱ ንብርብር ደለል በባልዲ ተወስዶ በሩብ ሚሊሜትር ወንፊት ይታጠባል፣ የቀረው እንደረጠበ ይደፈናል። እንጨቱንና ዘሩን ከመበስበስ የሚጠብቀው ውሃው ራሱ ነው፤ ስለዚህ አጠገቡ ውሃውን የሚያደርቅ የእርሻ ቦይ ለመቆፈር የሚያስብ ገበሬ ካለ ቀድሞ ማነጋገር ከቁፋሮው ይበልጣል።