ደርቢው ዋንጫ ሲሆን፦ ስለ በር፣ ስለ ደረጃና ስለ ሰዓት

የሁለቱ ክለቦች የደጋፊ ማኅበር ተወካዮች፣ አስጨፋሪዎች፣ የበር አስተናባሪዎችና የፀጥታ አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጊዮርጊስና ቡና ለዋንጫ ሲገናኙ ከተማው የሚያወራው ስለ ዘጠናው ደቂቃ ነው። የእኛ ሥራ ከዘጠናው በፊትና በኋላ ያለው ነው። ማን ያሸንፋል የሚለውን ለቡና ቤት ክርክር ትተን ወደ በሩ እንሂድ።

ሰው አንድ በአንድ የሚያልፍበት መግቢያ በሰዓት ቢበዛ 660 ሰው ያስገባል። ኪስና ቦርሳ ሲፈተሽ ደግሞ ከዚያ ይወርዳል። 15 መግቢያ ተከፍቶ በመጨረሻው አንድ ሰዓት 12,000 ሰው ቢመጣ፣ ፊሽካው ሲነፋ 2,100 ሰው ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ይህ ሕዝብ ከውስጥ የጎል ጩኸት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አትጠይቁኝ። ከኋላ የሚገፋው ፊት ያለውን አያይም፤ ፊት ያለው ደግሞ መመለሻ የለውም።

መድኃኒቱ በር ቀድሞ መክፈት ብቻ አይደለም። አስጨፋሪዎች፣ ይህ እናንተን ይመለከታል። ከበሮው አጥሩ ውጭ እየተመታ ሕዝቡን ግባ ማለት ከንቱ ነው። ከበሮው ጨዋታው ሊጀመር ሦስት ሰዓት ሲቀረው ውስጥ ይመታ፤ ሕዝቡ ተከትሎ ይገባል። ትኬት የሌለው ሰው ደግሞ በሩ አፍ ላይ ክርክር አይግጠም። ከበሩ ራቅ ብሎ የሚቆም የመጀመሪያ ፍተሻ ይኑር፤ እዚያው ይመለስ። አንድ ሰው በሩ ላይ ሁለት ደቂቃ ሲከራከር በሰልፉ ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ቦታ ይበላል።

ትኬቱ ላይ ስለሚጻፈውም አንድ ነገር ልበል። የአዲስ አበባ ስታዲየምን መቀመጫ ክፍሎች ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ እያለ ያደገውን ደጋፊ በቁጥርና በፊደል ብቻ ምራው ማለት ስታዲየሙን ዙር ማለት ነው። ሕዝቡ የሚጠራበት ስም ይታተም፤ በድምፅ ማጉያም በዚያው ስም ይነገር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። በአንድ ካሬ ሜትር አራት ሰው ሲቆም ይጠብባል እንጂ ይቻላል። ከአምስት ሲያልፍ ሰው በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀሱ ይቀራል። ምልክቱን ከሩቅ ታዩታላችሁ፤ ሕዝቡ ነፋስ እንደመታው የጤፍ ማሳ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዛል። በዚያ ሰዓት ዋናው ገዳይ መረገጥ አይደለም። ሰው እንደቆመ ደረቱ ተጨንቆ ትንፋሽ ያጥረዋል። የዚህን ጊዜ የሚደረገው ፊት ያሉትን ተመለሱ ማለት ሳይሆን ከኋላ የሚመጣውን ማስቆም ነው።

አክራን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ግንቦት 1 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ኸርትስ ኦፍ ኦክ ከአሳንቴ ኮቶኮ፤ የጋና ሁለቱ ባላንጣዎች። ወደ ማብቂያው ላይ ወንበር እየተነቀለ ተወረወረ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ ሕዝቡ ወደ በሮቹ ሮጠ። የተቆለፉ በሮች ነበሩ። 126 ሰው አለቀ። ጠቡ በጥቂት ወንበር የተጀመረ ነበር፤ ሕዝቡን የፈጀው ጭሱና ቁልፉ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ እያንዳንዱ መውጫ በር ላይ ቁልፍ ያዥ ይቆማል። ቁልፉ ሻይ ሊጠጣ በሄደ ሰው ኪስ ውስጥ መገኘት የለበትም። ጭስም ሕዝብ በተቀመጠበት መደዳ ላይ አይተኮስም።

መውጫ በደልዳላ መሬት ላይ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው ያሳልፋል፤ ደረጃ ላይ ያንሳል። ሦስት ሜትር በር በስምንት ደቂቃ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ያወጣል። የማልያ ሻጭ ሸራውን አንጥፎ አንዷን ሜትር ቢይዝ 656 ሰው ውስጥ ቀረ። ሻጩን መጥላት አያስፈልግም፤ ማዶ ይሁን።

ሰዓቱን አስሉት። ጨዋታው በ10 ሰዓት ቢጀመርና ተጨማሪው 30 ደቂቃ ቢታከል፣ ባከኑት ደቂቃዎችና እረፍቱ ተደምረው 12:30 ይሆናል። የመለያ ምትና የዋንጫው ሥነ ሥርዓት ሲያበቃ ደግሞ ጨልሟል። የመውጫ ደረጃዎቹ መብራት ከዋዜማው በጨለማ ይሞከር። በቀን የሚበራ አምፖል ሲታይ ሁሉም ደህና ይመስላል።

የመለያ ምት ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ዳኛው ሳንቲም ሁለት ጊዜ ይጥላል፤ አንዱ በየትኛው ጎል እንደሚመታ፣ ሁለተኛው ማን እንደሚጀምር ለመለየት። ጎሉ እንደታወቀ ግማሹ ስታዲየም ወደዚያ ይሮጣል። አስተናባሪዎች ጭማሪው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሁለቱም ጎሎች ጀርባ ባሉት ደረጃዎች ላይ ቆማችሁ ጠብቁ። ዝናብም እንደዚሁ ነው፤ ገና ሲያካፋ ክፍት መደዳው ሁሉ ወደ ጥላ ፎቅ ይነሳል።

ባቡሩን አትርሱ። ሁለቱም መስመሮች ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ አሸናፊና ተሸናፊ አንድ ጣቢያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ሊገናኙ ነው። የተሸነፈው ቀድሞ ይውጣ፤ አሸናፊው ዋንጫውን ሲያይ ይቆያል። አንደኛው ወገን ወደ ለገሀር፣ ሌላው ወደ መስቀል አደባባይ ይመራ። የትኛው ወዴት የሚለውን ከጨዋታው በፊት ሁለቱ ማኅበራት ተፈራርመው ይጨርሱ።

አሁን ወደ ስታዲየሙ ወጥተን በሮቹን አንድ በአንድ እንለካለን። ሜትር የያዛችሁ ከፊት ሁኑ፤ ቁልፍ ያዦች አብራችሁ ኑ፤ እያንዳንዱን ጓጉንቸር እዚያው ከፍታችሁ ታሳዩናላችሁ።