ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

(ደብረ ብርሃን ላይ፣ በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

በዚህ ውርጭ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። እንደ ፀሐፊነቴ ስለ መዋጮ እንድናገር ነበር የተያዘልኝ። ወረቀቱ በየእጃችሁ አለ፤ እሱን አንብቡት። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ጉድጓድ ልነግራችሁ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከጠባሴ ወደ ታች ሲወረድ ያለው ግቢ ነው። የባለቤቱን ስም አልጠራም። ክፉ ሰው አይደለም። ለቅሶ አይቀርም፣ የታመመ ይጠይቃል።

ቀኑ የአባቱን ተዝካር ያወጣበት ነው። ድንኳኑ የእኛ ነበር። ድስቱም፣ ወንበሩም የእኛው። ከድንኳኑ ጀርባ ለአዲሱ ሰርቪስ ቤት ሽንት ቤት የሚሆን ጉድጓድ ተቆፍሯል። ጥልቀቱ የሰው ቁመት እጥፍ ይሆናል። አሮጌ ቆርቆሮ ጣል ተደርጎበታል። ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ጭድ። ቀን ያየነው ሰዎች ነበርን። አይተን አለፍን።

ማታ መብራት ጠፋ። ጠላዋን የማያውቅ የለም፤ አንዲት እናታችን ጋኑን ላየው ብላ በድንኳኑ ጀርባ ዞረች። መጀመሪያ የቆርቆሮው ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ጩኸቷ። በመሰላልና በገመድ አወጣናት። ዳሌዋ ተሰብሯል። እዚህ አይሆንም ተብሎ ያን 130 ኪሎ ሜትር በመኪና ተኝታ አዲስ አበባ ሄደች። መንገዱን በሙሉ እያቃሰተች እንደነበር ልጇ ነግራኛለች።

ስትመለስ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየምን። አንዱ እኔ ነኝ። ምን አልናት? «እግዜር ያመጣው ነው። ማንም ሆን ብሎ አላደረገውም። ይቅር በይው» አልናት። «እናንተ ካላችሁ እሺ» አለች። ባለቤቱ የሕክምናውን ወጪ እችላለሁ አለ። ተሳሳሙ። እኛም መረቅን። አንድ ቃል በወረቀት አላሰፈርንም።

አንድ ጊዜ ሰጣት። ከዚያ «ፋሲካ ይለፍ» አለ። ፋሲካ አለፈ። «ቤቱ ይከራይ» አለ። ቤቱም ተከራየ። እሷ እንስራ ማንሳት አልቻለችም፤ ጠላው ቀረ። ልጆቿን ያሳደገችበት ጠላ ነው። ወደ እኛ በመጣች ቁጥር «ታገሺ፣ ነገሩን አታበላሺው» እያልን መለስናት።

በኋላ ልጇ ቤቴ መጣች። ዕድሜዬን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት እንደጨረስኩ ታውቃለች። «ጋሼ፣ ብንከስስ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። ቀኑን ቆጠርኩ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ከዚያ በኋላ ተከሳሹ «ይርጋ»፣ ማለትም የክሱ ጊዜ አልፏል ካለ መዝገቡ ይዘጋል። እንደዚያ የተዘጋ መዝገብ ስንቱን በእጄ አስሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ! ይህን የማውቅ ሰው ነኝ እሷን ታገሺ ስል የኖርኩት። ያን ሁለት ዓመት የበላነው እኛ ሽማግሌዎቹ ነን። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ዛሬም በፊታችሁ እጠይቃታለሁ።

አሁን ሕጉን ስሙኝ። ቁጥር 2028 በጥፋቱ ሰውን የጎዳ ይካስ ይላል። ሰው በተጠራበት ግቢ ጉድጓድ በጭድ ሸፍኖ መተው ጥፋት ካልሆነ ጥፋት ምንድን ነው? ቁጥር 2077 ደግሞ ከዚህም የጠበቀ ነው። ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ጉዳቱን አስቀድሞ ሊያስበው የማይችል ቢሆን እንኳ። አጥርህ እንግዳ ላይ ከተናደ፣ በረንዳህ ከተደረመሰ፣ «አላወቅሁም» አያድንህም። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ይታያል፤ እሱን ዳኛው ይመዝነዋል።

ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው የሚል ካለ ኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 21 ያንብብ። ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ከገባበት ለባለ ንብረቱ ይክፈል ይላል። ዘዳግም 22 ደግሞ አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው እንዳይወድቅ ለጣራህ መከታ አድርግለት ይላል። እኛ ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። ለአህያ የታዘዘው ካሳ ለእናታችን ሲሆን ለምን «የእግዜር ሥራ» ይሆናል? እግዜር ጉድጓድ አልቆፈረም! ቆርቆሮውን የጣለው እግዜር አይደለም! የእኛን ስንፍና በእሱ ማላከክ ይብቃን!

ሽምግልና ይጥፋ አላልኩም። ያለ ሽምግልና ይህ አገር አይኖርም። ግን ሽምግልና ለተጎዳው መቆም አለበት። የተጎዳውን ዝም ማሰኛ ከሆነ ሽምግልና አይባልም። ዕርቅ ሲወርድ ገንዘቡና ቀኑ ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ምስክር ይፈርም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ የተጎዳው ፍርድ ቤት ይሂድ። እዚያ ሄደ ብሎ የሚያኮርፍ ሽማግሌ ያኩርፍ።

ሕጉም ቢሆን ጉድለት አለው። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ያኔ እንደተጻፈ ነው። ዛሬ በ1,000 ብር የመንዝ በግ ቀርቶ ደህና ዶሮ አይገኝም። ይህን ማስተካከል የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ሥልጣኑ ያላቸው ይስሙት።

ውሻ ያላችሁም አላችሁ። ቁጥር 2071 ውሻው አምልጦ ቢነክስ እንኳ ባለቤቱን ነው የሚጠይቀው። እሰሩት፣ አስከትቡት። የውሃ ጉድጓድ ያላችሁ ክዳን አብጁለት። ደረጃውን፣ የተንጠለጠለውን ሽቦ እናንተው ታውቁታላችሁ።

አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ሳይወጣ፣ ከሥራ አስፈጻሚው ሁለት ሰው ሄዶ ግቢውን ዞሮ ይይ። ያልተከደነ ጉድጓድ፣ የዘመመ ግንብ፣ ያልታሰረ ውሻ ካለ ድንኳኑ አይወጣም። ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ ሰርግም ይሁን ለቅሶ። ለቅሶ ድንገተኛ ነው፣ ጊዜ የለም ትሉኝ ይሆናል። ጉድጓድ ለመክደን አራት ጣውላና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ጣውላውን እድሩ ይግዛና መጋዘን ይቀመጥ፤ ከድንኳኑ ጋር አብሮ ይሂድ።

እናታችን እዚያ ከበሩ አጠገብ፣ በምርኩዟ ተደግፋ ተቀምጣለች። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ። እኔ ልቁጠር።