የኦክቶበር አብዮት በኖቬምበር፣ የጥቅምት አብዮት በጥቅምት

እንደምን ሰነበታችሁ፤ በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን የኤፒ (በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት) የአውሮፓ ታሪክ ለሚማሩ ልጆች በምናዘጋጀው ቪዲዮ ዛሬ 1917 ላይ ደርሰናል። መጽሐፉ «የኦክቶበር አብዮት» ይልና ቀኑን ኖቬምበር 7 ብሎ ይጽፋል። የኅትመት ስሕተት የመሰለው ተማሪ አይፈረድበትም፤ ይሁን እንጂ ስሕተት አይደለም። በሌኒን የሚመሩት ቦልሼቪኮች በዋና ከተማዋ በፔትሮግራድ ሥልጣን ሲይዙ ሩሲያ በጁልያን፣ ማለትም በአሮጌው የፈረንጆች አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር ዕለቱ ለእነርሱ ኦክቶበር 25 ነበር።

እስቲ እናታችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን፣ ሁለቱን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳየውን ካላንደር ተመልከቱ። በአብዛኞቹ ዓመታት ከኖቬምበር 7 አጠገብ የምታገኙት ጥቅምት 28ን ነው፤ አብዮቱ የተካሄደውም ጥቅምት 28 ቀን 1910 ዓ.ም. ነው። ፈረንጆቹ «ኦክቶበር» ብለው ኖቬምበር ላይ ሲቸገሩ እኛ «የጥቅምት አብዮት» ስንል እውነትም በጥቅምት ነው። (ለዚህች ብቻ እንኳ ሰብስክራይብ ማድረግ ይገባችኋል።)

ብዙዎቻችሁ «ታዲያ ሩሲያም እንደ እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነበረች?» ብላችሁ ጽፋችኋል። አልነበረችም፤ የእርሷ ልዩነት የቀን ብቻ ነበር። የእኛ የዓመት ልዩነት የመጣው የክርስቶስን ልደት ዘመን በሌላ ስሌት ከመቁጠራችን ሲሆን የቀኑ ልዩነት ግን የሚመጣው ግሪጎርያኑ፣ ማለትም ፈረንጆቹ ዛሬ የሚጠቀሙበት አቆጣጠር፣ በ400 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትርፏን ቀን (ፌብሩዋሪ 29ን) ስለሚዘልል ነው። 1900ን እንደዚያ ሲዘልል ሩሲያም እኛም አልዘለልንም፤ የሩሲያ ልዩነት ከ12 ወደ 13 ቀን አደገ። አድዋም ምስክር ነው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፣ ዛሬ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው።

ወደ ፈተናው ስንመጣ፣ በሰነዶች ላይ የሚጻፈው ድርሰት 7 ሰነድና 60 ደቂቃ እንዳለው፣ ከጠቅላላው ውጤትም 25 በመቶ እንደሚይዝ ስለምታውቁ አላቆያችሁም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሩሲያን ሰነዶች በቅደም ተከተል ከማስቀመጣችሁ በፊት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉ አረጋግጡ። ሌኒን «የኤፕሪል ሐሳቦች» የሚባለውን የፖለቲካ ፕሮግራሙን ያቀረበበት ኤፕሪል 4 ቀን 1917 በበርሊን ጋዜጣ ላይ ኤፕሪል 17 ነው። የሶቪየት መንግሥት ከጃኑዋሪ 31 ቀን 1918 ማግስት በቀጥታ ፌብሩዋሪ 14 ብሎ ስለቆጠረ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1918 የሚል የራሱ አዋጅ ብታገኙ የተጠራጠራችሁበትን ምክንያት ድርሰታችሁ ውስጥ ጻፉት።